ከበሩ ውጭ መርፌውን ማን ይወጋዋል?

የጎረቤታችን ልጅ ከማረሚያ ቤት የወጣ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። እናቱን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ድኖ መጣልኝ» እያሉ ያለቅሳሉ። እውነትም ልጁ ደህና ነበር። ይበላል፣ ይስቃል፣ ሁላችንንም በስማችን ይጠራል። በእጁ አንድ ፌስታል ይዟል። ውስጡ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ቲሸርትና ነጠላ ጫማ። ስለ ሕመሙ የሚናገር አንዲት ወረቀት እንኳ አልነበረችም።

ልጁ ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም አለበት። ታስሮ እያለ በየወሩ መርፌ ይወጋ ነበር። ይህን ያወቅነው ግን ድጋሚ ከታመመ በኋላ ነው።

የመርፌው ነገር እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ ቀጠሮው ቢያልፍም ሰውየው በማግስቱ አይታመምም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ደህና ሆኖ ይቆያል። ቤተሰብ «ዳነ» ብሎ የሚዘናጋው ያኔ ነው። ከዚያ እንቅልፍ ይጠፋል። ጅማ ደግሞ ጫት የሌለበት ሰፈር የለም። የድሮ ጓደኛ «ና እንቃም» ሲል እምቢ ማለት ከባድ ነው። እትዬ ልጃቸው ሌሊት ብቻውን ሲያወራ እየሰሙ ሲጨነቁ ከረሙ። አንድ ቀን የሰው ሱቅ መስኮት ሰበረ። ፖሊስ መጣ።

የሚያንገበግበኝ ሐኪም ባለበት ከተማ ይህ መሆኑ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያሠለጥናል። ከደዶ ወይም ከሊሙ ለሚመጣ ሰው መንገዱ ይከብዳል፤ ለከተማው ሰው ግን በባጃጅ የሚደረስ ነው። ታዲያ ከማረሚያ ቤቱ በር እስከ ሆስፒታሉ በር ታማሚውን የሚያደርስ ማነው?

የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች የሚባለው፣ በቁጥር 110 ላይ ይህንኑ ያነሳል። ታማሚ እስረኛ ሲፈታ ሕክምናው እንዲቀጥልና ድጋፍ እንዲያገኝ ከሚመለከታቸው ተቋማት ጋር ይመቻች ይላል። የኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ማቋቋምና መርዳት ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ሀብት እንዲመድብ ያዛል። «አቅም በፈቀደ» የምትለዋን አልረሳኋትም። ግን የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የመጨረሻውን መርፌ ቀን ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት ምን አቅም ይጠይቃል?

በአመክሮ የሚወጣ ሰው ቀኑ ቀድሞ ይታወቃል፤ ቀጠሮ ማስያዝ ይቻላል። አስቸጋሪው ፍርድ ቤት በነጻ ያሰናበተው ወይም በይቅርታ ድንገት የሚፈታው ነው። ለእሱ ወረቀቱ ገና ሲገባ ተጀምሮ በየወሩ እየተሞላ ይቀመጥ፣ በወጣ ሰዓት ይሰጠው። የአንድ ወር መድኃኒት ቢጨመርበት እሰየው። እሱን አስፈቅዶም ለቤተሰቡ ስልክ ይደወል። ያን ቀን አንድ ሰው ለእትዬ ደውሎ «የልጅዎ መርፌ በዚህ ቀን ነው» ቢላቸው ኖሮ በእግራቸውም ቢሆን ይወስዱት ነበር።

ለኛ ለጎረቤቶችም አንድ ነገር አለኝ። «እብዱ መጣ» እያልን ልጅ አናባርር። ጸበልም ዱዓም ይደረግለት፤ መርፌውን ግን አናስቀርበት።

ልጁ አሁን ከእናቱ ጋር ነው፣ ሕክምናውንም ጀምሯል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ረቡዕ ነው። እትዬ የባጃጁን ብር ከወዲሁ ሻርፓቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል።