ያገሩን በሬ በሰው ማሳ

ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፊቱን አጨፍግጎ ቢሮ ገባና «ተሸነፍን» አለ። ደነገጥኩ። ማን? ጊዮርጊስ? ቡና? ብሔራዊ ቡድኑ? «አርሰናል ነዋ!» አለኝ፣ ከየት ዱር መጣህ በሚል ዓይን እያየኝ። ያገር ውስጡን ሳነሳበትማ ከንፈሩን አጣሞ «እሱ ደግሞ ኳስ ነው እንዴ?» አለ።

እስካሁን ያንገበግበኛል።

አንድ የምወደው ተረት አለ፤ «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ»። የማልጠቅስበት ቦታ የለም። ለሥራ ቅጥር ይሆናል፣ ለሰርግ ሽምግልና ይሆናል፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይም ያስጨበጭባል። ለኳሳችን ብቻ እምቢ አለኝ። በሬው አለ፣ ሰርዶውም ሞልቷል፣ ማሳው ነው የጠፋው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ በ2014 ዓ.ም. የባሕር ዳሩንም ስታዲየም ደረጃውን አያሟላም ሲል፣ ጋናን ጆሃንስበርግ ላይ «በሜዳችን» አስተናገድን። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ ግብፅን ያህል ቡድን 2 ለ 0 ረታን። ዳዋ ሆቴሳ አንድ፣ ሽመልስ በቀለ አንድ። ባለሜዳ ነበርን። ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ውስጥ።

እስቲ አስቡት። ግብፅን በሜዳህ አሸንፈህ ወጥተህ የምትጨፍርበት ጎዳና የሰው አገር ሲሆን! ጎረቤትህ ማላዊያዊ በመስኮት ብቅ ብሎ «ምን ሆነው ነው?» ሲል!

የሚያናድደው ደግሞ ካፍን በ1949 ዓ.ም. ከመሠረቱት አገሮች አንዷ እኛ መሆናችን ነው። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው መርተውታል። በ1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ ያኔም ግብፅን፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀብሏል። ቤቱን አብረን ሠርተን በር ላይ «መታወቂያ?» ተባልን። «መታወቂያ?» ያሉን የካፍ ሰዎች ጥፋት የለባቸውም። መልበሻ ክፍል፣ ወንበር፣ መብራት፣ ሣር ነው የጠየቁት። ጨረቃ አምጡ አላሉም።

አዲስ አበባ ስታዲየምን ካነሳሁ አይቀር አንድ የቆየ ቂም አለኝ። ስታዲየሙን የሚያውቅ የመቀመጫ ክፍሎቹን ያውቃል፤ ጣሪያ ያለው ጥላ ፎቅ አለ፣ ካታንጋ አለ፣ ሚስማር ተራ አለ፣ ከማን አንሼ አለ። እኔ ከማን አንሼ ነኝ። የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ ነው፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ የሰርግ ድንኳን የሚያህል ጃንጥላ ዘረጋ። «ወንድሜ፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው» አልኩት። ዞር እንኳን ሳይል «ጥላ ፎቅ ግባ!» አለኝ። ወዲያው ስታዲየሙ ተናጋ። ጎል ገብቷል። እኔ ያየሁት የጃንጥላውን ሽቦ ነው። ማን እንዳገባ የነገረኝ ቆሎ ሻጩ ነው። ያ ሰውዬ ዛሬም በሕይወት ካለ፣ እንደዚያው ይኑር።

ወደ ክለቦቹ ልምጣ። የስፖርት ዜናችንን በሬዲዮ የሚሰማ እንግዳ የኢኮኖሚ ዜና ይመስለዋል። ባንክ ከኤሌክትሪክ፣ መድን ከቡና። በ2016 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ንግድ ባንክ ወሰደ፣ በ2017 መድን። ገንዘቡ ከተቀመጠ በኋላ ዋስትና ተገባለት ማለት ነው። የቡና ደጋፊ ፕሪሚየር ሊጉን ያነሳው በ2003 ዓ.ም. ሆኖ፣ እስከ ዛሬ ከበሮውን ይዞ ይጨፍራል። እንዲህ ዓይነት ሰው አከብራለሁ። ትናንት ጨዋታ አይቶ ዛሬ «እኛ» ከሚል ሰው ጋር አይወዳደርም።

የከተማ ክለቦቹን ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የሚተዳደሩት በከተማው በጀት ነው። በጀቱ በየዓመቱ ይወጣል፤ ተጫዋቾቹ ደግሞ ደሞዝ አልተከፈለንም ብለው ልምምድ ያቆማሉ። ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ? ሜዳው ላይ እንዳልፈሰሰ ሣሩን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ጠያቂ የለም። አሠልጣኙ ይባረራል፣ ሌላ ይመጣል፣ እሱም ይባረራል። በጀቱን የያዘው ሰው ሲባረር ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በዚያ ላይ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ሲካሄድ ከረመ። የጎንደር ሰው የከተማውን ክለብ ፋሲል ከነማን ለማየት ሀዋሳ ይውረድ፣ ወይ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ማኪያቶ ይዘዝ። «ታዲያ ባልደረባህ ምን ያድርግ፣ ክለቡ አጠገቡ የለ» የሚለኝ አለ። አርሰናልስ መቼ ጎረቤቱ ሆኖ ያውቃል?

አሁን ሁሉም ተስፋውን የጣለው አደይ አበባ ስታዲየም ላይ ነው። 60 ሺህ ሰው ይይዛል ተብሎ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው ተጀመረ። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ መንገድ ላይ ድንጋይ ጎል አድርጎ ኳስ ይጫወታል። ያልቃል፣ ይከፈታል ብለን እንመን። ሲከፈት ባልደረባዬን በራሴ ትኬት እወስደዋለሁ፤ ፊቱን ያጨፍግግ እንደሆነ እዚያው ያጨፍግግ። ለአስተዳደሩ ግን ከወዲሁ አንድ ማመልከቻ አለኝ፦ ጃንጥላ በር ላይ ይቀማልኝ።