ሮክ ከቤተ ክርስቲያን ወጣ ወይስ ሸሸ?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ሮክ ሙዚቃ የክርስትና እምነት ልጅ ነው» የሚል ነው። ደጋፊዋ ለዓመታት በመዘምራን ቡድን ውስጥ ጊታር የመታች ናት። ተቃዋሚው የድሮ ሸክላ ሰብሳቢ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦

ከአንዲት ሴት ልጀምር። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ ትባላለች። በ1915 አሜሪካ፣ አርካንሳስ ውስጥ፣ ኮተን ፕላንት በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። እናቷ እየዞረች የምትሰብክ ወንጌላዊት ነበረች። ያደገችበት የጥቁሮች ጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ቁጭ ብሎ ማዳመጥን አያውቅም። ይጨበጨባል፣ ይዘለላል፣ የተገኘው መሣሪያ ሁሉ ይመታል። ሮዜታ ገና በልጅነቷ ጊታሯን አንግታ ጉባኤ ፊት ትቆም ነበር።

በ1944 «በየቀኑ እንግዳ ነገር ይሆናል» የሚል መንፈሳዊ መዝሙር ቀረጸች። በዓመቱ የጥቁሮች ሙዚቃ ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች የመጀመሪያው የሮክ ሸክላ ይሄ ነው ይላሉ። እኔ «የመጀመሪያው» በሚለው ቃል አልጣላም። ጊታሩን ብቻ ስሙት። የሮክ ንጉሥ የሚሉት ኤልቪስ ፕሪስሊ ያኔ የ9 ዓመት ልጅ ነው።

በ1964 ደግሞ እንግሊዝ፣ ማንቸስተር፣ ሥራ ባቆመ የባቡር ጣቢያ ለቴሌቪዥን ተቀረጸች። ተመልካቹ ከሐዲዱ ወዲያ ማዶ፣ እሷ ወዲህ ማዶ። ዝናብ ጥሏል። ካፖርቷን እንደለበሰች ኤሌክትሪክ ጊታሯን አነሳችና ስለ ኖኅ ዘመን ዝናብ መዘመር ጀመረች። 49 ዓመቷ ነው። መሃል ላይ ያወጣችውን ሶሎ ስሰማ እኔ የራሴን ጊታር ግድግዳው ላይ ልሰቅለው ያምረኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1947 ጆርጂያ፣ ሜከን ከተማ ውስጥ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሲዘፍን ሰማችው። መድረክ ላይ አወጣችው፣ ገንዘብም ሰጠችው። ልጁ ኋላ የሮክ ኮከብ የሆነው ሊትል ሪቻርድ ነው። ኤልቪስም ቢሆን በውድድር ያገኛቸው ሦስቱም የግራሚ ሽልማቶች በመንፈሳዊ መዝሙር የተገኙ ናቸው። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት የልደት የምስክር ወረቀት ትፈልጋለህ?

ተቃዋሚ፦

እህቴ፣ ሮዜታን እኔም እወዳታለሁ። ሸክላዋ አለኝ፤ ለማንም አላበድርም። ግን አንቺ ወንዙን የቀዳሽው ከመሃል ነው። እስኪ ወደ ላይ እንውጣ።

በ1938 የሮዜታን ስም ካስጠሩት መዝሙሮች አንዱ የቶማስ ዶርሲ ድርሰት ነበር። ዶርሲ ማነው? «ጆርጂያ ቶም» በሚል ስም ብሉዝ፣ የመጠጥ ቤቱን ሙዚቃ፣ በፒያኖ የሚመታ ሰው። በ1928 ከባልደረባው ጋር ያወጣው ዘፈን አማት ፊት የማይዘፈን ነው፤ ያውም በጣም ተሸጦለታል። በ1932 ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት፤ ሕፃኑም ተከተላት። ያኔ «ጌታ ሆይ እጄን ያዝ» የሚለውን መዝሙር ጻፈ። ዛሬ የጎስፔል፣ ማለትም የጥቁሮች መንፈሳዊ ሙዚቃ፣ አባት የሚሉት እሱን ነው። ሙዚቃውን መጀመሪያ ሲያመጣላቸው ብዙ ቤተ ክርስቲያኖች «ይሄ የመሸታ ቤት ነው» ብለው መልሰውታል። ስለዚህ ዜማው ከመጠጥ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ እንጂ ከዚያ አልፈለቀም።

ከዚያ የወጣውም ተባርኮ አልወጣም። ዘፋኙ ሬይ ቻርልስ በ1954 አንድ መዝሙር ወስዶ ኢየሱስን አወጣና ሴት አስገባበት። ሊትል ሪቻርድን ዓለም ያወቀበት የ1955 ዘፈን መጀመሪያ ግጥሙ በጣም ባለጌ ነበር፤ ስቱዲዮ ውስጥ ነው ያጠቡት። በ1957 ይሄው ሰው አውስትራሊያ ጉብኝት ላይ እያለ ሁሉን ትቶ አላባማ ወደሚገኝ የአድቬንቲስት ኮሌጅ ሄደ። ሮክ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ከሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመመለስ ለምን መተው አስፈለገው?

እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ይሄን ነገር ከማንም በላይ እናውቃለን። ዘፈን አለ፣ መዝሙር አለ። «ዘፋኝ ነበረች፣ አሁን ዘማሪ ሆነች» ስንል ሴትዮዋ ድንበር ተሻገረች ማለታችን ነው። ቋንቋው ራሱ አጥር አለው።

ደጋፊ፦

ወንድሜ፣ አጥሩ ቋንቋው ላይ ነው። ጣቶቼ ላይ የለም።

አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ጊታሬን ትንሽ አስረዝሜ አስለቀስኩት። የኳየራችን መሪ አስቆመኝና «እህቴ፣ ይሄ የናይት ክለብ ነው» አለኝ። በሳምንቱ ያንኑ ኖታ፣ ያንኑ ቅደም ተከተል፣ ቀስ አድርጌ መታሁት። «አሜን» ተባለልኝ። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ዶርሲን ስታነሳ ደግሞ አንድ ነገር ዘለልክ። ሰውየው የሰባኪ ልጅ ነው። ወንዙን ወደ ላይ እንውጣ ካልን እስከ ጫፉ እንውጣ እንጂ የሚመችህ ቦታ ላይ ድንኳን አትትከል።

የሮክ ፒያኖ መቺውን ጄሪ ሊ ሉዊስን ተመልከት። ቴክሳስ ውስጥ ከነበረ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የተባረረው መዝሙርን ቡጊ በሚባለው የጭፈራ ምት በመምታቱ ነው። በ1957 ሜምፊስ፣ ሰን ስቱዲዮ ውስጥ ትልቁን ዘፈኑን ሊቀርጽ ተቀምጦ ከአሳታሚው ከሳም ፊሊፕስ ጋር ስለ መዳን ክርክር ገጠመ። ቴፑ ይሽከረከር ስለነበር ተቀድቷል። ፊሊፕስ «በሙዚቃህ ነፍስ ማዳን ትችላለህ» ዓይነት ነገር ይለዋል። እሱ ዲያብሎስ በውስጤ አለ ብሎ ይጮሃል። ከዚያ ፒያኖው ላይ ተቀመጠ፤ የመታውን ዓለም ሁሉ ሰምቶታል። ሲኦልን የማያምን ሰው እንደዚያ አይመታም።

ተቃዋሚ፦

ያንን ቴፕ እኔ ነበርኩ ላነሳው የፈለግኩት! ሰውየው በገዛ አፉ «ዲያብሎስ በውስጤ አለ» እያለሽ አንቺ የእምነት ፍሬ ነው ትይኛለሽ። ጥፋተኝነት ሙዚቃን ሊያግለው ይችላል፤ እስማማለሁ። ግን እሳት የፈራ ሰው በፍጥነት ስለሮጠ እሳቱ እግር ሰጠው አይባልም።

ደግሞ እምነት በግልጽ ወደ ሮክ ሲገባ ምን እንደሚሆን አይተናል። ዘፋኙ ቦብ ዲላን በ1979 ክርስቲያን ሆኖ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለ14 ምሽት አዲሶቹን መንፈሳዊ ዘፈኖች ብቻ ተጫወተ፤ አንዳንዱ ተመልካች ጮኸበት። ስትራይፐር የሚባሉት የክርስቲያን ሮክ ባንድ ልጆች ጥቁርና ቢጫ ለብሰው መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ሕዝቡ ይወረውሩ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ግንባሬን መመታት አልፈልግም። የአየርላንዱ ባንድ ዩቱዎች ደግሞ ከአራቱ ሦስቱ ደብሊን ውስጥ ሻሎም የሚባል የጸሎት ቡድን አባል ነበሩ፤ በ1981 አካባቢ እምነትና ሮክ አብረው ይሄዳሉ ወይ በሚል ጥያቄ ባንዱ ሊፈርስ ደርሶ ነበር።

ደጋፊ፦

ደርሶ ነበር። አልፈረሰም። ስለ ስትራይፐር ልብስ አልከራከርህም።

ዩቱዎች በ1983 ባወጡት አልበም መጨረሻ ላይ ያለውን አድምጥ። ስቱዲዮ የተከራዩበት ሰዓት ሊያልቅ ሲል ከመጽሐፍ ቅዱስ አውጥተው የሠሩት ነው፤ መዝሙር 40። በእኛ ዳዊት ቁጥሩ 39 ነው፤ «ደጅ ጠናሁት» የሚለው። ለዓመታት ኮንሰርታቸውን የዘጉት በእሱ ነበር። ሙዚቀኞቹ አንድ በአንድ ከመድረክ ይወርዳሉ፣ መጨረሻ ከበሮው ብቻ ይቀራል፣ እሱም ይቆማል። ሕዝቡ ግን «እስከ መቼ» እያለ እየዘመረ ይወጣል። አንተ ይሄን ምን ትለዋለህ፣ ዘፈን ነው ወይስ መዝሙር?

ተቃዋሚ፦

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ስንቱ ዳዊት መሆኑን እንደሚያውቅ መጀመሪያ ንገሪኝ። ባያውቅም መዝሙር ነው ካልሽ የመጠጥ ቤቱንም ዘፈን መዝሙር ልትይብኝ ነው።

ዶርሲ የሰባኪ ልጅ ነው ያልሽው ግን ልክ ነው፤ አመለጠኝ። ሮዜታንም ሰጥቼሻለሁ። ኤልቪስ፣ ጄሪ ሊ እና ሊትል ሪቻርድ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ የገቡት በ1986 ነው። እሷ በ2018። ከሞተች ከ45 ዓመት ገደማ በኋላ። እዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ።

ጄሪ ሊን አልሰጥሽም። ሸክላውንም አላበድርሽም።