የቱቫሉ ዕጣ ዲቪ አይደለም

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

አውስትራሊያ በየዓመቱ 280 የቱቫሉ ዜጎችን በዕጣ ልትወስድ ነው ተብሎ ምዝገባው እ.ኤ.አ. በ2025 ሲጀመር፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ዜናውን ስልኩ ላይ አየና ለጓደኛው «ታድለው! ዲቪ ቤታቸው ድረስ መጣላቸው» አለው። ተሳሳቁ። ስንቶቻችንስ «ምነው እዚያ በተወለድኩ» አልን? ተዉ! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው።

ቱቫሉ ፓሲፊክ ውቅያኖስ መሀል ያለች የዘጠኝ ደሴቶች ሀገር ናት። ሕዝቧ 11 ሺህ ገደማ ነው። መሬቷ በሙሉ ቢደመር 26 ካሬ ኪሎ ሜትር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ጊዜ ይገባል። ከፍተኛ የተባለው ቦታዋ ከባሕር ወለል 5 ሜትር አይሞላም። ባሕሩ ግን ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ነው። እኛ ደጋ ላይ ተቀምጠን ይኼ ቶሎ አይገባንም። ጎርፍ ሲመጣ ወደ ላይ እንሸሻለን። እነሱ ላይ የሚባል ነገር የላቸውም።

ውሃው ደግሞ በዳር በኩል ብቻ አይመጣም። መሬቱ ቀዳዳው የበዛ የኮራል ድንጋይ ነው። ባሕሩ በጣም ሲሞላ ጨዋማው ውሃ ከሥር ሰርጎ ግቢ መሀል ይፈልቃል። ይኼን በግንብ አታግደውም።

ፑላካ የሚባል ተክል አላቸው፣ የጎደሬ ዘመድ ነው። ወንዝ ስለሌለ አያቶቻቸው ከሥር ያለውን ጨው ያልነካው ውሃ እስኪያገኙ ቆፍረው፣ ጉድጓዱን በቅጠል ብስባሽ እያዳበሩ ተከሉት። አሁን ጨው እየገባበት ነው። ጨው ያገኘው ፑላካ ደግሞ ይበሰብሳል። የወላይታ ገበሬ ጎደሬው ማሳው ላይ እንዲህ ሲሆን ቢያይ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ብዙዎቹ ዘመዶቻቸውን የሚቀብሩትም ቤታቸው አጠገብ ነው። የአባቱን መቃብር ለባሕር ትቶ የሚሄድ ሰው «ታደልክ» ይባላል?

«ታዲያ ለምን ተመዘገቡ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ በመጀመሪያው ዙር ከነቤተሰቡ 8,750 ሰው ተመዝግቧል። ለልጁ ትምህርት፣ ለሥራ ብሎ የሚሄድ አይጠፋም፤ የማንም ወላጅ ሐሳብ ነው። ግን እኛ ዲቪ ስንሞላ ሀገራችን የትም አትሄድም ብለን ነው። ሲደላን እንመለሳለን። የቱቫሉ ሰው ይኼ ዋስትና የለውም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሕገ መንግሥታቸውን ሲያሻሽሉ፣ መሬታቸው በባሕር ቢጠፋ እንኳ ሀገርነታቸው ለዘላለም እንደሚቀጥል ጻፉበት። እንዲህ ያለ አንቀጽ ለመጻፍ በተገደደ ሕዝብ ነው የምንቀናው?

ጥፋቱ የነሱ አይደለም። ባሕሩን ያሞቀውና በረዶውን ያቀለጠው ጭስ ከነሱ ምድጃ አልወጣም። ከኛም ቢሆን እምብዛም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ እነሱ የዓለም ሙቀት ጭማሪ ከ1.5 ዲግሪ እንዳያልፍ ሲሟገቱ፣ የኛ መንግሥት ከፈረንሳይ ጋር ሆኖ 2 ዲግሪን ደግፎ ነበር። ይኼንንም አንርሳ።

እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ይካሄዳል። የቱቫሉ ሰዎች እንግዶቻችን ሲሆኑ «ቪዛው እንዴት ነው?» ብላችሁ እንዳትጠይቋቸው። ቡና አፍሉላቸው፣ ቁጭ በሉና ስለ ፑላካው ጉድጓድ ጠይቋቸው።