አፈር ስሆን፣ አፈር አትንካ!

የሀዋሳን ወላጆች ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። ግቢያችንን ከአጥር እስከ አጥር ሴራሚክ አልብሰን ልጆቻችንን ከጭቃ ገላግለናል። አንዲት ማንጎ ቀርታ ነበር፤ እሷም ቅጠል እያራገፈች ስላስቸገረች ተቆረጠች።

ጎረቤቴ የአራት ዓመት ልጇን «አፈር ስሆን፣ አፈር አትንካ!» እያለች ትለምነዋለች። እሱም ታዛዥ ነው። እናት አፈር ትሆናለች፣ ልጅ አይነካም።

እኛማ እንዴት ተበድለን አደግን! እቃ እቃ ስንጫወት ጭቃ ጠፍጥፈን እንጀራ፣ ቅጠል ከትፈን ጎመን፣ ቆርኪ ደርድረን ሲኒ እናደርግ ነበር። አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ትንሹ ሁልጊዜ ውሻ። አንድ ዱላ ጠዋት ፈረስ፣ ከሰዓት ጠመንጃ፣ ማታ የቄስ መቋሚያ ሆኖ ይውላል። ሥርዓት የሚባል ነገር የለም! የጎረቤቴ ልጅ ግን የፕላስቲክ ምድጃ ተገዝቶለታል። ምድጃው ምድጃ ነው፣ አለቀ። እንዳይሰበር ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይወርዳል። የመጣበት ካርቶን ግን ልጁ ውስጡ ገብቶ «አቶቴ! አቶቴ! አንድ ሰው!» እያለ ባጃጅ ሲነዳ ስለነበር ወዲያው ተጣለ። ሹፌር ሆኖ ቢቀርስ?

ትምህርቱም እንደዚያው ያማረ ነው። ፍሪድሪክ ፍሮበል የሚባል ጀርመናዊ በ1840 እ.ኤ.አ. «ኪንደርጋርተን» የሚለውን ስም ሲያወጣ የልጆች አትክልት ቦታ ማለቱ ነበር። ምስኪን፣ የምሩን ኖሯል፤ ለየልጁ የሚኮተኩቷት መደብ ሰጥቷል። እኛ አትክልቱን ነቅለን ሁለት ፊደል አስቀረን፦ ኬጂ። ትርጉሙንም በቦርሳው ክብደት አስተካክለናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀስ፣ ስክሪን ላይ ከ1 ሰዓት በላይ አይቀመጥ ብሏል። ሁለቱንም ቁጥሮች ሳናጓድል ጠብቀናል፤ ቦታቸውን ብቻ አቀያይረናል። እንቅስቃሴም አላጣንም፣ ከሶፋው እስከ ቻርጀሩ መንገድ አለ።

ደግሞ ሐይቁን ነፈጋችኋቸው እንዳንባል እሑድ እንወስዳቸዋለን። ባለፈው ከጎረቤቴ ጋር ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረድን። ልጁ ነጭ ካልሲ በነጭ ጫማ አድርጎ፣ እጁን ተይዞ ቆመ። አንድ ራሰ በራ አባ ኮዳ፣ ያ ትልቁ ወፍ፣ ትከሻውን ሰብስቦ የዓሣ ትራፊ ይጠብቃል። ልጁ ትክ ብሎ አየውና፣

«ማሚ፣ እኚህ ሽማግሌ ሱፍ የለበሱት ሰርግ ሊሄዱ ነው? ማን ረስቷቸው ሄደ?»

«ምን ትቀባጥራለህ? ወፍ ነው! በል፣ ወፍ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። አሰበ።

«በርድ።»

አጨበጨብንለት።