የድሮው ሪል እና የጎንደሩ ሲንጀር

የምኖረው ስዊድን ነው። እዚህ አገር ብዙ ሰው ዓሣ የሚያጠምደው ለመዝናናት ነው። ዘንጉ ላይ ተገጥማ ክሩን የምትጠቀልለው ትንሽ ማሽን ሪል ትባላለች። አጥማጆች ሲገናኙ የማያልቅ ክርክር አላቸው፦ የድሮው ሪል ይሻላል ወይስ የአሁኑ?

እኔ ከድሮው ወገን ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ጎንደር ድረስ ይወስደናል።

በደቡብ ስዊድን ስቬንግስታ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አቡ የተባለው ፋብሪካ እዚያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። መጀመሪያ ሥራው ሰዓት ነበር። ቀጥሎ የታክሲ ሒሳብ መቁጠሪያ ሠራ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመቁጠሪያውን ገበያ ሲገድለው ወደ ሪል ዞረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው አምባሳደር 5000 የተባለ ቀይ ሪል ዛሬም ወንዝ ዳር ይታያል። አያት የገዛውን የልጅ ልጅ ሲያጠምድበት ማየት እዚህ ብርቅ አይደለም።

ሰዓት ሠሪ እጅ እንደነካው ያስታውቃል። ጥርሶቹ ነሐስ ናቸው። በካቻቪቴ ትፈታዋለህ፣ ትጠርገዋለህ፣ ዘይት ጠብ አድርገህ ትገጥመዋለህ። በጣም የምወደው አንድ ነገር አለው። ክሩን ግራና ቀኝ እያመላለሰ የሚደለድለው ክፍል ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ ብረት አለች። ቶሎ የምታልቀው እሷ ናት። እሷ ስታልቅ ግን ሌላው ይተርፋል፤ እሷን ብቻ ትቀይራለህ። የሠራው ሰው ማሽኑ አንድ ቀን እንደሚያረጅ አስቀድሞ አስቦበታል፤ ለሚጠግነውም ሰው በር ትቶለታል።

በአዲሶቹ ላይ ግፍ መናገር አልፈልግም። ቀላል ናቸው። ፍሬናቸው ለስላሳ ነው። ኩሽኔታቸው ብዙ ስለሆነ እጀታው ሲዞር ድምፅ የለውም። ደግሞም የድሮው ሁሉ ጎበዝ አልነበረም፤ ደካማው ድሮ ተጥሎ አልቋል፣ ዛሬ የምናየው የተረፈውን ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ከአዲሶቹ ርካሾቹ ሰውነታቸው ፕላስቲክ፣ ጥርሳቸው በቅርጽ ፈስሶ የወጣ ዚንክ ነው። ጥርሱ ከተበላ አለቀ። ከውዶቹም ውሃ እንዳይገባቸው በማግኔት በሚያዝ ልዩ ዘይት የታሸጉ አሉ፤ እነሱን ቤት ውስጥ መክፈት አይመከርም። ወደ ሱቅ ስትወስደው መልሱ ይታወቃል፦ «አዲስ ብትገዛ ይሻልሃል»። ሻጩ እውነቱን ነው። እዚህ አገር የአንድ ሰዓት የሰው ጉልበት ከዕቃው ይወደዳል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 የጫማ፣ የልብስና የብስክሌት ጥገና ላይ ያለውን ቀረጥ ከ25 ወደ 12 በመቶ ዝቅ አድርጎ ነበር። ሰው እንዲያስጠግን ለማባበል ነው። ኋላ ግን ተመልሶ ወጣ።

ጎንደር ስገባ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ወደ በረንዳዎቹ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ አሁንም አሉ። አንድ አዛውንት ሰፊ ዘንድ ቁጭ ብዬ ማሽናቸውን አየሁት። በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ነው። ወርቃማ ጌጡ ተፍቋል፤ ሞዴሉ በተጻፈባት ትንሽ ሳህን ላይ ግን ከቁጥሩ ቀጥሎ ኬ ፊደል ትነበባለች። ስኮትላንድ ክላይድባንክ ከነበረው ፋብሪካ የወጣ ነው ማለት ነው። ያ ፋብሪካ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ማሽኑ ግን ሱሪ እያሳጠረ ነው።

«ጋሼ፣ መለዋወጫ ከየት ያገኛሉ?» አልኳቸው።

«መርፌው እንደሆነ ቅዳሜ ገበያም አይጠፋም። ሌላውን ቶርኖ ቤት ያወጡልኛል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ለዚያ ማሽን የሚሆነው መርፌ ዛሬ ለሚሠሩት የቤት ማሽኖችም የሚሆነው ዓይነት ነው። ቀጥለው ወደ መደርደሪያው አሳዩኝ። እዚያ በላስቲክ የተሸፈነ አዲስ የኤሌክትሪክ ስፌት ማሽን ተቀምጧል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። የተሰካ ዕለት ቦርዱ ተቃጠለ። «ብረት ቢሆን እንጠግነው ነበር። ይሄ ግን ምኑ ይያዛል?» አሉኝ።

ይህን ሳስብ በጣም ይቆጨኛል። ዘመዱ ገንዘቡንም ፍቅሩንም ነው የላከው። ጎንደር ውስጥ ደግሞ የሚጠግን እጅ ሞልቷል፤ ስዊድን በቀረጥ ቅናሽ ልትመልሰው የሞከረችው እጅ እኛ ጋ በየበረንዳው ተቀምጧል። እኛ ግን እጁ የማይገባበት ዕቃ እየላክን ነው።

ከጎንደር ወደ ጎርጎራ ወርዳችሁ ጣና ዳር ብትቆሙ የደንገል ታንኳ ታያላችሁ። ታንኳ ዘላቂ ዕቃ አይደለም። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ነገር ግን ዓሣ አጥማጁ ደንገሉን ከሐይቁ ዳር ቆርጦ ሌላ ያስራል። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ስለተላለፈ ታንኳው ቢያልፍም አጥማጁ ውሃ ላይ ነው። ለእኔ የዕቃ ጥንካሬ የሚለካው በብረቱ ውፍረት ብቻ እንዳልሆነ በደንብ የገባኝ እዚያ ነው። ቀዩ ሪልም ቢሆን የሚፈታው ሰው ካጣ ያው ተራ ብረት ነው። ደንገል የሚያስር ልጅ ካጣን ደግሞ በጣና ላይ ታንኳ አይኖርም።

እናም እባካችሁ፣ አገር ቤት ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ለሚጠግነው ሰው ደውሉ። ይከፈታል ወይ? መለዋወጫው እዚያ አለ ወይ? ቮልቱስ? እኚያ አዛውንት «ምን ላምጣልዎ?» ብላቸው አዲስ ማሽን አልጠየቁኝም። የፈለጉት ጥሩ የቆዳ ቺንጋ፣ ባለ 14 እና ባለ 16 መርፌ፣ የማሽን ዘይትም ነው። ሻንጣ ውስጥ ከአንድ ጥንድ ጫማ ያነሰ ቦታ ይይዛል።