ሶቅራጥስ ያላለው ነገር የለም

ባለፈው ጳጉሜ 2 ቀን የደረቅ ቆሻሻ አወጋገድን ለማሻሻል በተጠራ ዐውደ ጥናት ላይ የመክፈቻ ንግግር ያደረጉት የክብር እንግዳ፣ መነጽራቸውን ካስተካከሉና ማይክሮፎኑን በጣታቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ ካደረጉ በኋላ፣ «ታላቁ የግሪክ ፈላስፋ ሶቅራጥስ እንዳለው» ብለው ሲጀምሩ በአዳራሹ የነበርን ሁሉ ወንበራችን ላይ ቀና አልን። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ጉዳያችን የቆሻሻ ገንዳ ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ በኋላ ፍልስፍና ሆነ። ይህን ክቡር ልማድ በሚገባው መጠን ያመሰገነው ሰው እስካሁን ባለመኖሩ፣ እኔ በአቅሜ ላመሰግነው ተነሥቻለሁ።

የክብር እንግዳው የጠቀሱት፣ «የለውጥ ምሥጢሩ ኃይልን ሁሉ አሮጌውን በመታገል ላይ ሳይሆን አዲሱን በመገንባት ላይ ማዋል ነው» የሚለውን ነበር። የተናጋሪው ስም በእርግጥም ሶቅራጥስ ነው፤ በዚህ ረገድ ጥቅሱ እንከን አይወጣለትም። ብቻ ይህኛው ሶቅራጥስ እ.ኤ.አ. በ1980 በታተመ የአንድ አሜሪካዊ መጽሐፍ ውስጥ የምናገኘው፣ በቅጽል ስሙ እንዲህ የሚጠራ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ነው። ነገር ፈላጊዎች ይህን እንደ ስሕተት ሊቆጥሩት ይችሉ ይሆናል። እኔ ግን ቤንዚን ለመቅዳት ሌሊቱን ሰልፍ ላይ ያደሩ ሾፌሮች ይዘውን በመጡበት ስብሰባ ላይ፣ ከአቴንሱ ሰው ይልቅ የማደያው ሰው መጠቀሱ ለኑሯችን የቀረበ ነው ባይ ነኝ።

የሶቅራጥስ ትጋት ራሱን የቻለ ምስጋና ይገባዋል። ሰውዬው በሕይወት ዘመኑ አንዲት መስመር ጽፎ አላስቀረም፤ ስለ እርሱ ከምናውቀው አብዛኛውን ያገኘነው ከደቀ መዛሙርቱ ከፕላቶና ከዜኖፎን፣ እንዲሁም በቴአትር መድረክ ላይ ካላገጠበት ከአሪስቶፋነስ ነው። መርዙን ጠጥቶ የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ነው። ከሞተ በኋላ ግን አንደበቱ ተፈታ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ስለ አመራር፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ቁጠባና ስለ ደንበኛ አያያዝ ሳይታክት ይናገራል። የትምህርት ቤቶች የወላጆች ቀን ሲከበር ደግሞ ከእርሱ የቀደመ ተናጋሪ የለም። «የዛሬ ልጆች ቅንጦት ይወዳሉ፤ ታላላቆቻቸውን አያከብሩም፤ ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫቸው አይነሡም» ብሎ ማዘኑ ይነገርና፣ ወላጆች በየተቀመጡበት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቃሉ እውነትም የቆየ ነው፤ አንድ የካምብሪጅ ተማሪ የጥንት ሰዎችን ወቀሳ በራሱ አነጋገር ጠቅልሎ ካስቀመጠበትና እ.ኤ.አ. በ1907 ከታተመ የጥናት ጽሑፍ የተወሰደ ነው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የምስክሩ አመራረጥ ነው። ወጣቶችን ያበላሻል ተብሎ 500 ያህል ዳኞች ፊት ቀርቦ የተፈረደበትን ሰው ወጣቶችን እንዲገሥጽልን ጠርተነዋል፤ ከሳሾቹ ይህን ሲያደርግ ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ክሱን በፈቃዳቸው ያነሡለት ነበር። (አሪስቶትልም አልቦዘነም፤ በየስፖርት ማዘውተሪያው ግድግዳ ላይ በስሙ የተለጠፈውን «ልህቀት ልማድ ነው» የሚለውን ቃል አንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1926 ጽፎለታል።)

ወደ ዐውደ ጥናታችን ልመለስና፣ የዕለቱን አክሊል የወሰዱት ሁለተኛው ጽሑፍ አቅራቢ ነበሩ። «ፕላቶ መሪ አዋቂ መሆን አለበት ይላል፤ አፍላጦንም በዚህ ሐሳብ ይስማማል» አሉ። ፕላቶ በፈረንጆቹ በኩል፣ አፍላጦን ደግሞ በዐረብኛና በግእዝ በኩል የደረሱን የአንድ ሰው ሁለት ስሞች ናቸው። አንድ ሰው ከራሱ ጋር እንኳ መስማማት በተቸገረበት በዚህ ዘመን፣ ፕላቶና አፍላጦንን አስታርቆ በአንድ ስላይድ ላይ ማዋል ቀላል ሥራ አይደለም። እርግጥ ነው ስም ጠርቶ መምከር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋም የሶቅራጥስንና የአፍላጦንን ስም እየጠራ ብዙ የምክር ቃል ያከማቸ ነው፤ ከምክሩም ብዙው በባለቤቶቹ ድርሳናት ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም። የዚያ ዘመን ሊቃውንት ግን ይደክሙ የነበረው በምክሩ ለመኖር ነበር፤ እኛ ይህን ድካም ቀንሰን ስሙን ብቻ በማስቀረታችን እጅግ ቀድመናቸዋል።

ቀጥሎ የምንጠብቀው መጣ። «ዴሞክራሲ የሚለው ቃል ዴሞስ፣ ማለትም ሕዝብ፣ እና ክራቶስ፣ ማለትም ሥልጣን፣ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው።» ይህ ዐረፍተ ነገር ከመማሪያ መጽሐፍ እስከ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ከሥልጠና ሰነድ እስከ ቀበሌ ስብሰባ ያልገባበት ቤት የለም። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥሩ ውጤት አስገኝቶልኛል። ጥበቡ ያለው ግን ዐረፍተ ነገሩን በመናገር ላይ ሳይሆን እዚያው ላይ በማቆም ላይ ነው። አንድ እርምጃ የሚቀጥል ሰው፣ የዴሞክራሲ አባት እየተባለ የሚጠቀሰው ፕላቶ ዴሞክራሲን ከአምባገነንነት አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ አድርጎ እንደመደበው፣ ሴቶችና ባሪያዎች በጉባኤው ድምፅ እንዳልነበራቸው፣ የ500ው ምክር ቤት አባላት የሚመረጡትም በዕጣ እንደነበር ይደርስበታል። ከዚህም የባሰ አለ። የአቴንስ ሹም የአንድ ዓመት ዘመኑን ሲጨርስ በሂሳብ መርማሪዎች ፊት ቀርቦ በእጁ የገባውን የሕዝብ ገንዘብ ያስቆጥር ነበር፤ ማንኛውም ዜጋ ተነሥቶ ሊከሰው ይችላል፤ ሂሳቡ ሳይጣራም ከአገር መውጣት አይፈቀድለትም ነበር። ለልምድ ልውውጥ እንኳ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነገር በሁለት ቃላት ፍቺ ላይ አቁሞ ማለፍ ከማስተዋል በቀር ምን ሊባል ይችላል?

አቴናውያን በሌላም ነገር ጨካኞች ነበሩ። በፍርድ ቤታቸው የንግግር ጊዜ የሚለካው በውኃ ነበር። ባለጉዳዩ አፉን ሲከፍት ከግርጌው የተበሳ የሸክላ ዕቃ ይከፈታል፤ ውኃው ወደ ታችኛው ዕቃ መውረድ ይጀምራል፤ ውኃው ሲያልቅ ንግግሩም ያልቃል። ከአጎራ፣ ማለትም ከጥንቱ የአቴንስ የገበያ አደባባይ፣ በቁፋሮ የወጣው አንዱ ዕቃ የሚይዘው ውኃ ፈስሶ የሚያልቀው ስድስት ደቂቃ ያህል ውስጥ ነው። በእኛ የክብር እንግዳ ፊትም ውኃ ነበር፤ ግማሽ ሊትር የታሸገ፣ ክዳኑ ያልተነካ። ሃምሳ አምስት ደቂቃ ሲናገሩ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። በየመሀሉ አጽንዖት ለመስጠት በእጃቸው ይመቱት የነበረው ጠረጴዛ ስሙን ያገኘው ከግሪክ እንደሆነ፣ ስብሰባው የዋለባት ጳጉሜም እንዲሁ እንደሆነች ማንም አላነሣም። እውነተኛው የግሪክ ቅርስ ዝም ብሎ ይመታ ነበር።

በጥያቄ ሰዓት አንዲት ወጣት ከኋላ ረድፍ ተነሥታ፣ «ይቅርታ፣ ሶቅራጥስ ያንን የተናገረው የት ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች። መድረክ መሪው ፈገግ ብለው፣ «በጣም ገንቢ ጥያቄ ነው እኅቴ፤ ከጊዜ አንጻር ግን በሻይ ሰዓት በግል ብትወያዩበት ይሻላል» አሏት። ተገቢ ምላሽ ነበር። ሰው አስቁሞ «ይህ ማለት ምን ማለት ነው?» እያሉ የመጠየቅ ልማድ ወዴት እንደሚያደርስ ከሶቅራጥስ በላይ የሚያውቅ የለም። የክብር እንግዳውም በሻይ ሰዓት ሌላ ስብሰባ ስለነበረባቸው ሄዱ።

ቃለ ጉባኤው ከሳምንት በኋላ ደረሰኝ። «ሐሳብ የሰጡ» በሚለው ርእስ ሥር ሶቅራጥስ በአንደኛ፣ ፕላቶ በአራተኛ፣ አፍላጦን በአምስተኛ ተራ ቁጥር ሰፍረዋል። የወጣቷ ጥያቄ አልተመዘገበም። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ፣ ሶቅራጥስ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ የሚገባውን ቅጣት ራሱ እንዲያቀርብ ዕድል በተሰጠው ጊዜ፣ ለኦሎምፒክ አሸናፊዎች እንደሚደረገው ሁሉ በከተማው ወጪ በሕዝብ አዳራሽ ምግብ እንዲቀርብለት መጠየቁን ፕላቶ መጻፉ ነው። አቴናውያን እምቢ ብለው ሞት ፈረዱበት። እኛ ያንን ግፍ ክሰናል፤ በየዐውደ ጥናቱ ምሳውን በመንግሥት ወጪ፣ በአዳራሽ ውስጥ፣ በስሙ እንበላለታለን። የዚያን ዕለቱ ጥብስ ትንሽ ደረቀ እንጂ መልካም ነበር።