ስፖርተኛው ፊርማችን

ድሬ ውስጥ ጤናማ መሥሪያ ቤት ፈልጋችሁ ካጣችሁ ወደ እኛ ጎራ በሉ። ከዚራ ነን፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር። ዓርብ ዓርብ ጠዋት የሠራተኞች የጤና ፕሮግራም አለን። ተሳትፏችን መቶ በመቶ ነው። ማስረጃው በአቃፊ ተሰድሮ ሰው ኃይል ክፍል ተቀምጧል። የዓመት ፈቃድ ላይ ያለው ሾፌራችን ሳይቀር ፈርሟል። ሐረር ለቅሶ የሄደችው ጸሐፊም ፈርማለች፤ ሐዘን እንኳ ከጤናዋ አላዘናጋትም።

ለነገሩ የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ሁላችንም በአካል ተገኝተናል። ቲሸርት የሚታደልበት ቀን ነበር። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ተራቸው ሲደርስ "የልጄ ልክ የለም እንዴ?" አሉ። አርቆ ማሰብ ይሏል ይሄ ነው! ከዚያ ወዲህ ድሬ ላይ የእኛን ቲሸርት ለብሶ የሚሮጥ ሰው ካያችሁ ሠራተኛ አይደለም፤ የሠራተኛ ልጅ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ የድሬን ግንቦት የቀመሰ ሰው ግን የጻፈው አይመስልም። በእቅዱ መሠረት ደቻቱን ተሻግረን፣ መጋላን ዞረን መመለስ ነበረብን። ባነሩን ይዘን እስከ ባቡር ጣቢያው ደረስን። እዚያ ፎቶ ተነሳን። ከፎቶው በኋላ መሄድ ለምን ያስፈልጋል? ድሬን በ1895 ዓ.ም. የወለዳት ባቡር ነው። ባቡር የወለደውን ሰው "በእግርህ ሂድ" ሲሉት "አቦ ተወኝ!" ቢል አይፈረድበትም። የተመለስነው በባጃጅ ነው። ሦስት ሰው በምትጭነዋ ባጃጅ አምስት ሆነን ገባን። እሱም ስፖርት ነው፤ ቢያንስ ሆድ መሳብ ይጠይቃል።

"ጠዋቱ ካልተመቻችሁ ከሰዓት ይሁን" ተባለ። ከሰዓት? በበርጫ ሰዓት? ሐሳቡን ያመጣው ልጅ አዲስ ቅጥር ስለሆነ ይቅር ብለነዋል።

የደም ግፊት የተለካንበት ቀን ግን አይረሳኝም። ነርሷ የሒሳብ ክፍሉን ጋሼ እጅጌ ሰብስባ ማሰሪያውን ጠቀለለች። ነፋች፣ አዳመጠች፣ ቅንድቧ ከፍ አለ። 165 በ100።

"ድገሚው" አሏት።

ደገመችው። 170 ሆነ።

"አየሽ፣ መሣሪያው ነው የታመመው" ብለው ተነሱ። ቀጥለው አጠገባቸው የሚሠራውን ወጣት ጠሩት። "አንተ ልጅ፣ ና እስቲ በእኔ ስም ተለካ።" ነርሷ ሻይ ልትጠጣ ወጥታ በሌላ ባልደረባ ተተክታ ነበር። እናም ተለካ። 110 በ70 ሆኖ ተመዘገበ። እስካሁን በፋይላችን ላይ ጋሼ የ23 ዓመት ልብ አላቸው። ጨው መቀነስ ሳያስፈልግ፣ በአንድ እስክሪብቶ! የትኛው ሐኪም ነው እንዲህ የሚያድነው?

ከዚያ ስለ ስኳር ሥልጠና ተሰጠን። ሠልጣኙ በጥሞና አዳመጠ፤ እጁ ላይ ያለው ለስላሳ ቀዝቃዛ ስለነበር። ሳምቡሳውም አልቀረም። (በነገራችን ላይ የእኔ ወንበር አንድ እግሩ ከተሰበረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የወገብ ሕመም የሥልጠናው ሦስተኛ ርዕስ ነበር። ስለ ወንበሩ ጥያቄ ሳነሳ "ከርዕሱ አንውጣ" ተባልኩ።)

ፈረንጆቹ ግን ያሳዝናሉ። አሜሪካ ውስጥ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ 4,834 ሠራተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን ገንዘብ እየከፈለ ጭምር ወደ ጤና ፕሮግራም ጋበዘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ለካ የሚሳተፉት ቀድሞውንም ጤናቸውን የሚጠብቁት ናቸው። መጋበዙ በራሱ በሕክምና ወጪያቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ምስኪኖች! ያን ሁሉ ገንዘብ ከሚያፈሱ አንድ የፊርማ ወረቀት ቢያዞሩ ምን ነበረበት?

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። የጽዳት ሠራተኛዋ እህታችን በየማለዳው ከሳቢያን በእግሯ ትመጣለች። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ትውላለች። ትፈርም ብለን ስሟን ብንፈልግ ዝርዝሩ ላይ የለም፤ በኤጀንሲ የተቀጠረች ናት። ቲሸርትም አልደረሳት። ስለዚህ በሕጉ መሠረት እሷ እንቅስቃሴ አታደርግም።

የመጪው ዓርብ ወረቀት ዛሬ ረቡዕ ዞሯል። ፈርሜያለሁ። ጋሼ ጉዳይ አለብኝ ስላሉ ለእሳቸውም ፈረምኩ። ለሾፌሩም፣ ለእትዬም። እጄን ትንሽ ደከመኝ።